የቆየውን ቤንዚን ድፊው

ዲላ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለናፍቆት ጓንጉል
ኤድመንተን፣ ካናዳ

ናፊ፣ የኔ እናት፣

ሆድሽ ውስጥ ካለው እንግዳ ጋር እንዴት ሰነበታችሁ? ባልሽ ታዲዮስስ ከማዕድን ማውጫው ሥራ በደህና ይመላለሳል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ብርድ ሲሆን ጉልበቷን እየያዘች ትነጫነጫለች እንጂ ጤነኛ ናት። እኔም ከዓይኔ በቀር ምንም አልሆንኩ። መነጽር ሰክቼ ነው የምጽፍልሽ፤ መስመሩ ቢንጋደድ እንዳትስቂብኝ። ዕድሜውን ሙሉ ካርቡራተር ሲፈታ የኖረ እጅ እስክሪብቶንም እንደ ካቻቢቴ ነው የሚጨብጠው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክማ እኔና አንቺ ምን እንደምንባባል ታውቂዋለሽ። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ አባዬ፣ አንተስ?» «ተመስገን፣ እንኪ እናትሽን።» በቃ ይኸው ነው። ሐዋሳ ነርስነት ስትማሪም፣ ካናዳ ከገባሽም በኋላ እንዲሁ ነን። እኔ እንደሆንኩ ታውቂኛለሽ፣ አፌ ለሞተር እንጂ ለሰው አይፈታም። እንግዲህ በስልክ ያልሆነልኝን በወረቀት ልሞክረው ብዬ ከደብተር ላይ ቅጠል ገንጥዬ ተቀመጥኩ። ስጨርስ እናትሽ ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሳች በቴሌግራም ትልክልሻለች።

ጉዳዬ የበረዶ መጥረጊያው ማሽን ነው።

ባለፈው ሐሙስ ለእናትሽ የላክሽላትን ቪዲዮ ሰማሁት። ሳሎን ቁጭ ብላ ድምፁን ለቃው «ወይኔ ልጄን!» ስትል እኔ ጓዳ በር ላይ ሬዲዮ የምጠግን መስዬ ጆሮዬን ጣልኩ። «ማሚ፣ ማሽኑ እንቢ አለኝ፤ ታዲዮስ የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ በአካፋ እየጠረግኩ ነው መኪናዬን የማወጣው» ስትዪ ሰማሁ። ሰባተኛ ወሯን የያዘች ነፍሰ ጡር፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ብርድ አካፋ ይዛ! እኔ የማውቀው በረዶ ቆርቆሮ ላይ እንደ ጠጠር ተንኳኩቶ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ቀልጦ የሚሄደውን ነው። ያንቺ ግን ጉልበት ድረስ ነው፤ ደግሞ የጠረግሽው ቦታ ማግስቱን መልሶ ይሞላል። በምትሠሪበት የአረጋውያን ቤት ሽማግሌ ስታገላብጪ ውለሽ፣ ጠዋት ደግሞ በረዶ ስታገላብጪ እንዴት ትችይዋለሽ? አፈር ስሆን፣ ይህን ወረቀት እስክትጨርሺ ድረስ እንኳ አካፋውን አስቀምጪው።

እሁድ እናትሽ ቅዳሴ ስትሄድ ስልኳን ቻርጅ ላይ ትታው ነበር። የጎረቤታችንን ልጅ ሲፈንን ጠርቼ «ይቺን ነገር እንዴት ነው ደግሜ ከመጀመሪያው የማያት?» አልኳት። አሳየችኝ። አሥራ አንድ ጊዜ አየሁት። መጀመሪያ ላይ ያየሁት አንቺን ነው፤ ማሽኑን ማየት የጀመርኩት ከሦስተኛው በኋላ ነው። ፊትሽ አብጧል፣ እግርሽስ? ጨው ቀንሺ።

ማሽኑን ወድጄዋለሁ። በአፉ በልቶ በአንገቱ የሚተፋ፣ የኛ የቡና መፈልፈያ ዘመድ ነው። መፈልፈያው እሸቱን ውጦ ገለባውን በአንድ በኩል እንደሚወረውረው ማለት ነው። ሞተሩም ያው ነው፣ አንድ ሲሊንደር፣ ቤንዚን የሚጠጣ፣ በገመድ የሚነሳ። ጠባያቸውም አንድ ነው። የኛዎቹ ቡና ሲያልቅ ስምንት ወር ሸራ ለብሰው ይተኛሉ፣ ለቀማ ሲደርስ ተነሱ ሲባሉ ያኮርፋሉ። ያንቺም በጋውን ሙሉ ተኝቶ ከርሞ በረዶ ሲመጣ አኮረፈ። ቪዲዮው ላይ ገመዱን ስትጎትቺው ሁለቴ ትፍ ትፍ ብሎ ይይዛል፣ የአየር መዝጊያውን ቾክ ከፈት ስታደርጊ ጸጥ። ይህን ድምፅ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ። ሞተሩ አልሞተም፤ ጉሮሮው ተዘግቶ ነው።

አሁን የምልሽን በቅደም ተከተል አድርጊ። አንቺ ሥራውን ታውቂዋለሽ፣ ግን እጅሽ ከተወው ቆይቷልና ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አንደኛ፣ ማሽኑን ወደ ደጅ አስወጪው። ቪዲዮው ላይ «ጋራዥ ውስጥ» ስትዪ እኔ መኪና የሚጠገንበት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ የመኪና ማደሪያ ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ በሩ ተከፍቶም ቢሆን ሞተር አይነሳም። ጭሱ በተዘጋ ቤት እንደሚጨስ ከሰል ነው፣ ሳይታወቅሽ ይጥልሻል። አሁን ደግሞ ሁለት ነፍስ ነሽ። ራስሽ እንዳትገፊው፣ ከባድ ነው። ከጎንሽ ያለውን ሰውዬ በሩን አንኳኪና አስቸግሪው፤ ነውር የለውም።

ከዚያ የቤንዚኑን መክፈቻ እዪ። ሳቂብኝ፣ ግን እዪው። አምና ገደብ ከተማ ድረስ በአውቶቡስ ሄጄ፣ የአንዱን ወፍጮ ሞተር ግማሽ ቀን ፈትቼ፣ ብረቱን ሁሉ ጆንያ ላይ ዘርግቼ ስጨርስ መክፈቻው ለካ ተዘግቶ ነው። ባለቤቱ ሻይ አምጥቶልኝ አጠገቤ ቆሟል። ምን ልበለው? «በጣም የተወሳሰበ ችግር ነበር» ብዬ መልሼ ገጠምኩለት።

እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፍቺው። መጀመሪያ ገመዱን ከራሱ ላይ ንቀዪ። ጫፉ ርሶ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ብዙ ጠጥቷል ማለት ነው፣ አድርቀሽ ሩብ ሰዓት ጠብቂው። ጠቁሮ ካገኘሽው እኛ እዚህ በሽቦ ብሩሽ ፍቀን እንመልሰዋለን፤ አንቺ ግን አዲስ ግዢ። ካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ኩባያ መሰል ነገር የያዘውን ብሎን ፍቺና ኩባያዋን አውርጂ። ቢጫ ሙጫ ታገኛለሽ። በመሃል ያለችውን ቀጭን ቀዳዳ በአንዲት የፍሬን ገመድ ክር ወጋ ወጋ አድርጊያት፣ ሳታሰፊያት። ይህንን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። አሥራ ስምንት ዓመትሽ ሳለ እኔ መነጽር አድርጌ የማላያትን ቀዳዳ አንቺ በጣትሽ ዳብሰሽ ታገኚያት ነበር።

ቪዲዮውን ለሰባተኛ ጊዜ ሳየው ሌላ አንድ ነገር አገኘሁ። ከሞተሩ በስተግራ፣ ዝቅ ብሎ፣ ሦስት ሹል ብረት ያለው ትንሽ ሶኬት አለ፣ ከአጠገቡ ቀይ መጫኛ። እሱ የኤሌክትሪክ ማስነሻው ነው! የመብራት ገመድ ከቤት ስበሽ ሰክተሽ ቀዩን መጫን ብቻ ነው። ገመድ መጎተት ድሮ ቀረ፤ በዚህ ሆድሽ ገመድ ስትጎትቺ እንዳላይሽ። ቾኩን ዘግተሽ፣ ቤንዚን የምትገፋውን የጎማ ቁልፍ ሦስቴ ተጫኚና አስነሺው፣ ሲሞቅ ቾኩን ቀስ እያልሽ ክፈቺለት። አንገቱ በበረዶ ቢታፈን ደግሞ ሞተሩን አጥፍተሽ በእንጨት ጎርጉሪው። ቢጠፋም እጅ አይገባም። የወናጎው አብዲሳ ሁለት ጣቱን ለመፈልፈያ የሰጠው «ጠፍቷል» ብሎ ነው።

የቤንዚኑን ነገር በኋላ እመጣበታለሁ።

ታኅሣሥ 15

ትናንት እዚያ ላይ አቁሜ ወደ ጥገና ሱቄ ሄድኩ። ሱቅ ሄድኩ ስልሽ ሥራ ኖሮኝ አይደለም። ጽሕፈቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼው ስመለስ እናትሽ መነጽሬን አድርጋ አንብባ ጨርሳዋለች። ምሳ አቀረበችልኝ፣ ራሷ አልበላችም። ከዚያ «ጓንጉል፣ የቤንዚኑን ነገር ለምን ዘለልከው?» አለችኝ።

ለነገሩ ቤንዚኑ የመቼ እንደሆነ እንድትጠይቅሽ የላክኋት እኔው ራሴ ነኝ። መልስሽን በድምፅ አሰምታኛለች። «የአምናው ነው ማሚ፣ ታንከሩም ጄሪካኑም ውስጥ የተረፈ ነበር፤ መድፋቱ አሳዘነኝ።» ይህን ስሰማ መጀመሪያ ሳቅኩ። ከኔ ቤት የወጣ ሰው እንዴት ብሎ ቤንዚን ይደፋል? ማደያ ደጅ ሰልፍ ይዘን የምናድር፣ በሃይላንድ ከቸርቻሪ የምንገዛ፣ ካርቡራተር ያጠብንበትን እንኳ በቲማቲም ጣሳ የምናጠራቅም ሰዎች ነን። ጠብታ ስታፈሺ ስንቴ ጮኼብሻለሁ! ማደያ በየመንደሩ ሞልቶ በተረፈበት አገር ተቀምጠሽ እንኳ ያን ጩኸቴን ይዘሽው ሄደሻል። ሳቄን ሳልጨርስ የፍስሐ ገነቱ ቀን ትዝ አለኝ።

ያን ቀን ምን እንደሆነ ለእናትሽ ነገርኳት። አሁን ላንቺ እጽፈዋለሁ። አንቺማ ታውቂዋለሽ፤ ግን ከኔ አፍ ሰምተሽው አታውቂም።

2005 ዓ.ም.፣ ኅዳር ነው። ፍስሐ ገነት፣ ወደ አቶ ፈድሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የውሃ ፓምፑን ልናስነሳ ሄደን ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ዲላ ላይ ሞተር የምትፈታ ሴት ልጅ ያለችኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ባልነግርሽም እኮራብሽ ነበር። የታንከሩን ክዳን ከፍተሽ እንጨት ነክረሽ አሸተትሽውና «አባዬ፣ ይሄ ቤንዚን ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል፤ የአምናው ነው። ልድፋው» አልሽኝ። እኔ ደግሞ «አበድሽ እንዴ? ሰው ለቤንዚን ማደያ ደጅ እያደረ አንቺ ትደፊያለሽ?» ብዬ ላዩ ላይ አዲስ ጨምሬ ቀላቀልኩት። ተነሳ። «አየሽ!» አልኩሽ። እስከ እኩለ ቀን ሠራ።

እኩለ ቀን ላይ ገበሬው ቀይ እሸቱን በጆንያ እየተሸከመ ሲገባ ፓምፑ ተንተፋተፈና ቀጥ አለ። ውሃ ከሌለ መፈልፈል የለም፣ እሸት ቡና ደግሞ በዕለቱ ካልተፈለፈለ ይሞቃል፣ ይበላሻል። ካርቡራተሩን አጠብነው፣ ተነሳ፤ ከታንከሩ ሌላ ሙጫ ወርዶ ደፈነው። ደግመን አጠብነው፣ ደገመን። ክምሩ ውስጥ እጄን ስከት ሞቋል። አቶ ፈድሉ መጣ፣ ከኋላው ገበሬው ሁሉ ቆሟል። «ጓንጉል፣ ምን ነካው?» አለኝ። ክፉ አልተናገረም፣ ጠየቀኝ እንጂ።

ያኔ እኔ እንዲህ አልኩ፦ «ልጅቷ ካርቡራተሩን ስትገጥም አበላሽታዋለች። ሴት ልጅ ይዤ መምጣቴ የኔ ጥፋት ነው።»

ዋሸሁ፣ ናፊ። ከደብረ ብርሃን መጥቼ እዚህ አገር ሃያ ዓመት ያቆምኩት ስም ነበረኝ፤ ጓንጉል ቤንዚን ማሽተት አያውቅም እንዳይባል ፈራሁ። የኔን ስም ለማትረፍ ያንቺን ጣልኩት። ካቻቢቴው እጅሽ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ቀና ብለሽ አየሽኝ። ከዚያ ካቻቢቴውን ሳጥኑ ውስጥ በቦታው አስቀመጥሽ፣ እጅሽን ጠረግሽና ሚኒባሱ ውስጥ ገብተሽ ተቀመጥሽ። ወናጎ ላይ ሙዝ ገዝቼ ሰጠሁሽ። ተቀብለሽ ጭንሽ ላይ አደረግሽው፤ ዲላ ስንደርስ ወንበሩ ላይ ትተሽው ወረድሽ። ሰኞ ሱቅ አልመጣሽም። እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ለሰው «ነርስነት ይሻላታል ብዬ ነው» አልኩ። ይህም ውሸት ነበር።

ይህን ሁሉ ለእናትሽ ነገርኳት። ስጨርስ «እኔም እኮ ያኔ አንተን አምኜ ልጄን ‹አባትሽን በሰው ፊት አዋረድሽው› ብያታለሁ» አለች። «አንድ ቃል አልመለሰችልኝም። አንተን ላለማሳጣት እኮ ነው!» ከዚያ እስክሪብቶውን አንስታ እጄ ላይ አደረገችና «ጨርሰው» አለችኝ። ይኸው እየጨረስኩ ነው።

እንዴት ቻልሽው? ለእናትሽ እንኳ ሳትናገሪ? እኔ ብሆን ዲላን ሙሉ አዳርሼ ነበር። ብታስቢው እኮ እኔ ስምሽን ስጥል አንቺ የኔን ይዘሽልኝ ኖርሽ። ይህን ካወቅኩ ቆይቻለሁ፤ ቀን በቀን ደግሞ እየዘገየሁ መጣሁ። የዘገየ ነገር ለመናገር ይከብዳል። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አላየሁም፤ የኔም አባት አልጠየቀኝም። እንዴት እንደሚባልም አላውቅበት። እንግዲህ እንደማውቀው እለዋለሁ፦ በድዬሻለሁ፣ ልጄ። ይቅር በዪኝ። ካርቡራተሩን አላበላሸሽውም። ከኔ በላይ ታውቂ ነበር።

ቅዳሜ ፍስሐ ገነት እወርዳለሁ። አቶ ፈድሉ አርጅቷል፣ ጣቢያውን ልጁ ነው የያዘው፣ ግን አሁንም ከሰዓት እዚያ በር ላይ ይቀመጣል። ባገኘኝ ቁጥር «ያቺ ጎበዝ ልጅህስ?» ይለኛል፤ እኔ ወሬ እቀይራለሁ። አሁን ያኔ በቆምኩበት ቦታ ቆሜ እውነቱን እነግረዋለሁ። ቢስቅብኝ ይሳቅ፣ ቢቆጣም ይቆጣ።

አሁን ወደ ቤንዚኑ ልመለስልሽ። ድፊው፣ ናፊ። ጎረቤትሽ ማስተላለፊያውን ጎማ ነቅሎ ታንከሩን እስከ መጨረሻው ጠብታ በዕቃ ይቀዳው። ጄሪካን ውስጥ ያስቀመጥሽውንም አንድ ላይ። መሬት ላይ አይደለም፤ እዚያ አገር የቆየ ነዳጅ የሚቀበሉበት ቦታ አይጠፋም፣ ጠይቂ። ግማሹን ለማትረፍ ብለሽ ከአዲሱ ጋር እንዳትቀላቅይው። እኔ ቀላቅዬ አይቼዋለሁ። ከዚያ ዛሬ ከማደያ የተቀዳ አዲስ ቤንዚን ጨምሪበት። በረዶው ሲያበቃ ደግሞ ታንከሩን አድርቀሽ አስተኚው። አያሳዝንሽ። በኔ ጩኸት ምክንያት አንዲት ጠብታ እንዳታስተርፊ።

ሲነሳልሽ ደውይልኝ። ለእናትሽ አይደለም፣ ለኔ ደውይ። ስልኩን ወደ ሞተሩ ጠጋ አድርጊው። መናገር ካልፈለግሽ አትናገሪ፤ ይህንን ሁሉ አንብበሽ ገና ልብሽ ካልተፈታም አልቀየምሽም። ድምፁን ካሰማሽኝ ይበቃኛል። እኔ በድምፁ አውቀዋለሁ።

የያዝሽውን እንግዳ በሰላም ተገላግለሽ ታቅፈሽው ለማየት ያብቃኝ። ታዲዮስን በሰላም ይመልስልሽ። እጅሽን ከብርድ፣ እግርሽን ከመንሸራተት ይጠብቅልሽ። ገናንም በጤና ያድርስሽ። ሴት ከሆነች ካቻቢቴ እንዳትከለክያት።

ያን ቀን የዋሸው አባትሽ፣
ጓንጉል

ለካ ረስቼው፣ የሰዓታችን ልዩነት አያሳስብሽ፤ በፈለግሽው ሰዓት ደውይ። ሲፈን የስልኬን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋልኛለች።